«ሦስት ጊዜ ዕድገት አለፈኝ፤ ብናገር እንጀራዬን አጣለሁ?»

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ስሠራ ሰባት ዓመቴ ነው። ለዕድገት ሦስት ጊዜ ታልፌያለሁ። ሥራ ያለማመድኳቸው ሁለት ወንዶች ዛሬ አለቆቼ ናቸው። የመጨረሻው የውስጥ ማስታወቂያ የወጣው የወሊድ ፈቃድ ላይ ሳለሁ ነው፤ ማንም አልነገረኝም። ስመለስ ብጠይቅ «አንቺ አሁን ልጅ ይዘሻል፣ ቦታው ደግሞ አምሽቶ መሥራት ይፈልጋል» አሉኝ። ስድስት ሴቶች ሆነን ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍተናል። ገሚሶቻችን ቲክቶክ ላይ እናውጣው እንላለን፣ ገሚሶቻችን እንፈራለን። የሠራተኛ ማኅበር አለን። አመራሮቹ ግን ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ ለበዓል ዘይትና ዶሮ ከማከፋፈል ያለፈ ሲሠሩ አላየንም። እናቴ «አክቲቪስት መሆን ላንቺ አይበጅም፣ ዝም ብለሽ እንጀራሽን ብይ» ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ጥያቄሽ ውስጥ ልጅሽ የገባው እንደ ጥፋት ሆኖ ስለሆነ ይህን ሳልል ማለፍ አልፈለግኩም።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ጥብቅና ከቆምኩ 16 ዓመት አልፎኛል። «ቦታው አምሽቶ መሥራት ይፈልጋል» የምትለውን አባባል ከፋብሪካም፣ ከሆቴልም፣ ከቢሮም ሰምቻታለሁ። የሚናገራት ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለም። እንዲያውም ያዘነልሽ ይመስለዋል። ግን ሳይጠይቅሽ ወስኖልሻል። ልጁን የሚይዝልሽ ሰው ይኑር አይኑር፣ ባልሽ በጊዜ ይግባ አይግባ አላወቀም። በዚያ ላይ ሕጉ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ገድቦታል፤ የሚፈቀደውም ለተለየ ምክንያት ነው። በየቀኑ ማምሸት ግድ የሚል የሥራ ቦታ ካለ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የሥራ ክፍፍሉ ነው። የአንቺ እናትነት እዚያ ውስጥ ምን ዶለው?

ከፍርሃቱ ልጀምር፤ እሱ ሳይነሳ ሌላው ምክር አይሰማም። አሁን የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 26 ሠራተኛን ለማሰናበት ምክንያት ሊሆኑ የማይችሉ ነገሮችን ይዘረዝራል። የማኅበር አባል መሆን፣ በማኅበሩ ሕጋዊ ሥራ መሳተፍ፣ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ፣ ፆታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ እርግዝና፤ ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። ከዚህም ሌላ ሴት በእርግዝና ላይ ሳለችና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ፣ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ያልተያያዘ ሕጋዊ ምክንያት ከሌለ በስተቀር፣ ከሥራ ልትሰናበት አትችልም። በአንቀጽ 26 በተከለከለ ምክንያት የተባረረ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ መክሰስ ይችላል። ክሱ ግን በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። 3 ወሩ ካለፈ በኋላ መጥተው ቢሮዬ ያለቀሱ ሰዎች አሉ። «ሽማግሌ ልከን እየጠበቅን ነበር» ይሉኛል። የይርጋው ቀን (ክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) ሽማግሌ አይጠብቅም። ይህን ለስድስታችሁም ንገሪያቸው።

እውነቱን ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። ሊያስወጣሽ የፈለገ አሠሪ «ስለተናገርሽ ነው» ብሎ አይጽፍልሽም። ያረፈድሽባትን ደቂቃ መቁጠር ይጀምራል። ከዚያ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ቅሬታሽ በጽሑፍ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ቀን ይኑረው፣ መዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፣ ግልባጩ ላይ ማህተም ይረፍበት። ለሰባት ዓመት አንድ ማስጠንቀቂያ ያልደረሳት ሠራተኛ ቅሬታ ባስገባች በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ከደረሳት፣ ዳኛው ቀኖቹን አስተያይቶ ይረዳል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ።

አሁን ወደ ዕድገቱ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በሥራ ዕድገትና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። አዋጁ ደግሞ አንቀጽ 87 ላይ ከዚያ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ሴት ለቅጥር ወይም ለዕድገት ተወዳድራ ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ ይሰጣታል ይላል። ብዙ ሴቶች ይህን አንቀጽ አያውቁትም። የሚያውቁትም ብዙ ጊዜ አይጠቀሙበትም። ምክንያቱ «እኩል ውጤት» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ውጤት የሚባል ነገር ካልተጻፈ እኩል መሆኑ በምን ይታወቃል?

ከዓመታት በፊት የአንድ ፋብሪካ ሴት ሠራተኞች እንደ አንቺ ተቃጥለው መጡ። እኔም በጊዜው ክስ ክስ ብሎኝ ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፋች ሠራተኛ ናት «እስቲ መጀመሪያ ነጥባችንን እንይ» ያለችው። ደብዳቤ ጻፍን። የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለፉት ሦስት ውድድሮች የነጥብ አሰጣጥ ሠንጠረዥ ይሰጠን። ድርጅቱ ለጥቂት ሳምንታት ዝም አለ። በኋላ ሲታይ ሠንጠረዥ የሚባል ነገር አልነበረም። ኮሚቴው ሰብሰብ ብሎ «ማን ይሁን?» ተባብሎ ነበር የሚወስነው። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደነገጠ። ከዚያ በኋላ የዕድገት መመሪያ ወጣ። ደብዳቤውን ከፈረሙት አንዷ በቀጣዩ ውድድር ሱፐርቫይዘር ሆነች። ሌሎቹ አልሆኑም። ግን በስንት ነጥብ እንደተበለጡና በምን እንደተበለጡ አወቁ። ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። «እኔ ሳልረባ ቀርቼ ይሆን?» እያሉ ሌሊት ራስን መብላት ይቀራል።

ስለዚህ የምመክርሽ የመጀመሪያ ጥያቄ «ለምን አላደግኩም?» የሚለውን አይደለም። እሱን ከጠየቅሽ ስለ ባሕርይሽ ማውራት ይጀምራሉ። «ዝምተኛ ነሽ»፣ «ቆጣ ትያለሽ» ይመጣል። አሠራሩን ጠይቂ። ማስታወቂያው የት ተለጠፈ? በፈቃድ ላይ ላለ ሠራተኛ በምን ይደርሳል? መስፈርቱ ምን ነበር፣ ለእያንዳንዱ ስንት ነጥብ ተያዘ? ኮሚቴው ውስጥ ማን ነበር? የወሊድ ፈቃድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ነው፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። በእነዚያ 120 ቀናት ሥራ ላይ ባትሆኚም የድርጅቱ ሠራተኛ ነሽ። ማስታወቂያ ተለጥፎ አንቺ እንድታይው ካልተደረገ ከውድድሩ በወሊድሽ ምክንያት ወጥተሻል ማለት ነው። ይህ በእኔ እምነት ከጉዳይሽ ሁሉ ጠንካራው ነጥብ ነው።

ሁለተኛው ነገር አዋጁ ራሱ የሚጠቁመው ነው። ሕጉ የሥራ ክርክርን የግል (የአንድ ሠራተኛ) እና የወል (የሠራተኞች የጋራ) ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። የቅጥርና የዕድገት አሠራር የሚገኘው በወል ክርክሮቹ ዝርዝር ውስጥ ነው። የወል ክርክር የሚሄደው ወደ አስማሚ ወይም ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ነው። የአንድ ሰው ብቻ ጉዳይ ሲሆን የት ይታያል የሚለው ራሱ ያከራክራል፤ ብቻዋን የሄደች ሴት ዋናው ነገር ሳይሰማ እዚያ ላይ ጊዜ ልታጠፋ ትችላለች። ስለዚህ ዕድገትን ለብቻሽ ይዘሽ ከመሮጥሽ በፊት ማኅበሩን ያዢ።

ማኅበሩ ደካማ እንደሆነ ጽፈሽልኛል። አምንሻለሁ። ግን አትተዪው። በአንድ ድርጅት 10 ሠራተኞች ከተገኙ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ይህን መብት ለማግኘት ዛሬም የሚታገሉ ብዙ ሴቶች አሉ። እናንተ ያለውን ይዛችኋል። ስድስታችሁም አባል ናችሁ? መዋጮ ትከፍላላችሁ? በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተገኝታችሁ ታውቃላችሁ? ጉባኤው የሚጠራው ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ፣ ሴቶች ገበያና ቤት ስላለባቸው እንደማይመጡ አውቃለሁ። እንግዲህ የመጀመሪያው ትግላችሁ የስብሰባው ሰዓት ይሆናል። በሥራ ቀን፣ በምሳ ሰዓት ይሁንልን በሉ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ምርጫ የሚሸነፈው ግን እዚያ ላይ ነው። በሚቀጥለው ምርጫ ከስድስታችሁ ሁለታችሁ ለሥራ አስፈጻሚነት ተወዳደሩ።

ማኅበር የሚያስፈልገው ለኅብረት ስምምነት ነው፤ ማኅበሩና አሠሪው ስለ ሥራ ሁኔታ ተደራድረው ለሚፈራረሙት ውል ማለቴ ነው። ሕጉ በኅብረት ስምምነት ሊወሰኑ ከሚችሉት ውስጥ ሠራተኛው በዕድገት፣ በደመወዝ፣ በዝውውርና በዲሲፕሊን ጉዳዮች ላይ የሚሳተፍበትን መንገድ ያነሳል። በዕድገት ኮሚቴው ውስጥ የሠራተኛ ተወካይ፣ አንዷም ሴት፣ ትቀመጥ ብላችሁ መደራደር ትችላላችሁ ማለት ነው። ሕጉ ወለል ነው፤ በስምምነት ከሱ በላይ መውጣት ይቻላል። ለምሳሌ አዋጁ ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ያሳዝነኛል። እናት 120፣ አባት 3 ከሆኑ አሠሪው ልጅን የሴት ጉዳይ አድርጎ ቢያስብ ምን ይደንቃል? በስምምነታችሁ ላይ የአባቶችን ቀን ከፍ አስደርጉ። ወንዶቹ አመራሮች ምናልባት ከዚህ ጥያቄ ጀምረው ከጎናችሁ ይቆማሉ። እነሱም አባት ናቸው።

አሁን ስለ እናትሽ። ፍርሃታቸውን አትናቂው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ያደርግ ነበር። በዚያው ሕግ አንዱ የትዳር ጓደኛ «ለቤተሰቡ ጥቅም» ብሎ የሌላውን ሥራ መቃወም ይችል ነበር። በወረቀቱ ላይ ለሁለቱም የተሰጠ መብት ነው። በተግባር ማን ማንን ከሥራ እንዳስቀረ እናቶቻችን ያውቁታል። እናትሽ በዚያ ሕግ ሥር ነው ወጣትነታቸውን ያሳለፉት። ዝምታን እንደ መጠለያ ቢያዩት አልፈርድባቸውም።

ይህን ሕግ የለወጠው ምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ የአንቺን ጥያቄ ይመልሳልና። እ.ኤ.አ. በ1995 መዓዛ አሸናፊና ሌሎች ባለሙያዎች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጥ ነበር። እያንዳንዷ ሴት ታሪኳን ይዛ ስትመጣ ፋይል ይከፈትላታል። ፋይሎቹ ሲከማቹ የትኛው የሕግ አንቀጽ ብዙ ሴቶችን እንደሚጎዳ ቁልጭ ብሎ ታየ። ማኅበሩ ያንን ይዞ ነው ወደ ሕዝብ ውይይትና ወደ ምክር ቤት የሄደው። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ወጣ። ባልና ሚስት በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል ሆኑ፣ ሥራን የመቃወሙ መብት ቀረ፣ የሴቶች የጋብቻ ዕድሜ ወደ 18 ከፍ አለ። ሕጉ መጀመሪያ የሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነበር፤ ክልሎች የየራሳቸውን በተለያየ ጊዜ አወጡ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ይህን የጊዜ ልዩነት ተጠቅመው አካባቢዎቹን አስተያይተዋል። ሕጉ ቀድሞ በደረሰበት ቦታ ሴቶች ከቤት ውጭ በሚሠራ፣ ደመወዝ በሚከፈልበትና ትምህርት በሚጠይቅ ሥራ ላይ የመገኘታቸው ዕድል ጨምሮ አገኙት።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ ከውጭ እንዳያገኙ ሲከለክል ይህ ማኅበርም ክፉኛ ተዳከመ። ሕጉ በ2011 እስኪለወጥ ድረስ አሥር ዓመት ፈጅቷል። መዓዛ አሸናፊ በዚያው በ2011 ጥቅምት ወር የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ይህን ስጽፍ ዛሬም ደስ ይለኛል። እኔም ሥራዬን የተማርኩት እንደዚያ ያሉ ፋይሎችን በመገልበጥ ነው። እናትሽ «አክቲቪስት» ሲሉ ምናልባት የሚታያቸው ስልክ ይዞ የሚጮህ ሰው ነው። ፋይል የከፈቱት ሴቶችም አክቲቪስት ነበሩ ብለሽ ንገሪያቸው።

ወደ ቲክቶኩ እንምጣ። አሁን አታውጡት። የአለቃን ስም ጠርቶ መለጠፍ በስም ማጥፋት ያስከስሳል፤ በወንጀልም በፍትሐ ብሔርም። የድርጅቱን ሰነድ ፎቶ አንስቶ መበተን ደግሞ ለአሠሪው የሚፈልገውን ምክንያት በእጁ መስጠት ነው። ወሬው ለሦስት ቀን ይሞቃል፤ አራተኛው ቀን ላይ ሰው ሌላ ነገር ያያል። እናንተ ግን ሰኞ ጠዋት እዚያው ቢሮ ትገባላችሁ።

አደባባይ መውጣት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። የአይስላንድን ታሪክ ሰምተሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 1975 ከአገሪቱ ሴቶች 90 በመቶ ያህሉ የመሥሪያ ቤትም የቤትም ሥራ ሳይሠሩ ዋሉ። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቢሮ ገቡ። እኔን የሚገርመኝ ግን ከቀኑ በፊት የተደረገው ነው። ሐሳቡን ያመጡት ሴቶች «አድማ» ሊሉት ፈልገው ነበር። ብዙ ሴቶች ቃሉን ፈሩ፤ አድማ ከተባለ አሠሪ ያባርራል። ስለዚህ «የሴቶች የዕረፍት ቀን» አሉት። ስሙ ሲለሰልስ የሚፈሩትም መጡ፣ ማኅበራቱም ደገፉት። በማግሥቱ ዓመት የእኩልነት ሕግ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ለሴትና ለወንድ እኩል እንደሚከፍል ራሱ እንዲያረጋግጥ ተደረገ። ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም ከሴቷ ትከሻ ወደ ድርጅቱ ዞረ። በእኛ አገር የሥራ ማቆም አድማ የ10 ቀን ቅድመ ማስታወቂያና የሠራተኞች ድምፅ የሚጠይቅ ጥብቅ ሥርዓት አለው፤ ስድስት ሰዎች ተነስታችሁ የምታደርጉት ነገር አይደለም። ከአይስላንድ ሴቶች የምትወስዱት ስም አወጣጡን ነው። ግሩፓችሁን «ትግል» ምናምን አትበሉት። «የሴት ሠራተኞች የሙያ ዕድገት ኮሚቴ» ብትሉት የሰው ኃይል ክፍሉም በሩን ለመዝጋት ይቸገራል፣ የፈራችውም ጓደኛችሁ ስሟን ለማስገባት አትቸገርም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጠበቆች እንኳ ዘግይተው የሚነግሩሽ ነው። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። ቅጥርና ስንብት የመወሰን፣ መመሪያ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን ያለው ቦታ ላይ ከደረስሽ፣ ከላይ የጠቀስኩልሽ ጥበቃዎች ካንቺ ጋር በሚፈራረሙት ውል ላይ ካልተጻፉ በስተቀር እንዳሉ አይከተሉሽም። ስለዚህ ያ የተመኘሽው ቦታ ሲመጣ የዕድገት ደብዳቤውን ከመፈረምሽ በፊት የሥራ ዝርዝሩን አንብቢ። የወሊድ ፈቃድ፣ የስንብት ክፍያ፣ የሥራ ሰዓት በውሉ ውስጥ ይግቡ። ደስታው አያስቸኩልሽ።

ለዚህ ሳምንት የምትሠሩት ይኸው ነው። መጀመሪያ ስድስታችሁ ቁጭ በሉና እያንዳንዳችሁ መቼ እንደተቀጠራችሁ፣ የትኛው ውድድር ላይ እንደቀረባችሁ፣ ምን ተብላችሁ እንደታለፋችሁ በቀን በቀኑ ጻፉ። ቴሌግራም ላይ ሳይሆን ደብተር ላይ፤ ስልክ ይጠፋል፣ የአንዷ ስክሪን ሾት ደግሞ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ያስቀመጣችሁትን የምዘና ውጤት ግልባጭ ሰብስቡ። ከዚያ ለሰው ኃይል ክፍል፣ በግልባጭ ለማኅበሩ፣ እንዲህ የሚል አጭር ደብዳቤ አስገቡ፦

«እኛ ስማችን ከታች የተዘረዘረው ሠራተኞች ድርጅቱ የውስጥ ዕድገት ውድድር የሚያካሂድበትን መስፈርትና የነጥብ አሰጣጥ ለማወቅ እንፈልጋለን። ባለፉት ሦስት ውድድሮች የተሰጠን ነጥብ በጽሑፍ እንዲገለጽልን፣ ወደፊትም ማስታወቂያ ሲወጣ በወሊድ፣ በሕመምም ሆነ በዓመት ፈቃድ ላይ ላሉ ሠራተኞች በስልክና በኢሜይል እንዲደርሳቸው በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ከዚህ በላይ አትጻፉ። ወቀሳ የለበትም፣ የማንም ስም የለበትም። መልስ ካልመጣ በሁለት ሳምንት አስታዋሽ ጻፉ። ያም ካልመጣ በማኅበሩ በኩል ወደ ሥራና ክህሎት ቢሮ ሂዱ፤ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ሰነድ የመጠየቅ ሥልጣን አላቸው።

ፊርማችሁን ደግሞ ከላይ ወደ ታች አትደርድሩት። ዙሪያውን በክብ ፈርሙ፤ ቀድማ የፈረመችው ማን እንደሆነች እንዳይታወቅ። መዝገብ ቤት ስትሄዱም ስድስታችሁም አብራችሁ ሂዱ።